የጋሽ አጥናፉ ተራ

በአንድ ወቅት፣ ደሴ ከተማ ውስጥ ጋሽ አጥናፉ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር ነበሩ። ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ሦስት ልጆችን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ይሉኝታ አጥንታቸው ድረስ የዘለቀ ሰው ናቸው። ልባቸው ሲደክም የሰፈሩ ሐኪም «ቶሎ አዲስ አበባ ሄደው ይታዩ፤ ጊዜ የለዎትም» አላቸው። የአዲስ አበባው ሆስፒታል ደግሞ ተራ የሚሰጠው በኢንተርኔት ነው፤ ለአንድ ስልክ ቁጥር አንድ ተራ ብቻ።

ጋሽ አጥናፉ ለሦስቱም ልጆቻቸው ለየብቻ ደወሉ። ለሦስቱም ያንኑ ስልክ ቁጥር፣ ያንኑ የይለፍ ቃል ሰጡ። ለሴቷ «ለወንድሞችሽ አትንገሪ፣ በከንቱ ይጨነቃሉ» አሏት፤ ለወንዶቹም እንደዚሁ። ልጅን ላለማስቸገር ሲሉ ሦስቱንም በአንድ ጉዳይ አሰማሩ።

የበኩር ልጃቸው መኳንንት ደሴ ነጋዴ ነው። ዓርብ ጠዋት ምዝገባው ሲከፈት ሱቁን ዘግቶ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠ። ከሁሉ የቀረበውን ቀን፣ ሰኞን መረጠ። «ጸድቋል» የሚል ቃል ወጣለት። ለአባቱ ደውሎ «ሰኞ ነው አባዬ» ብሎ አለቀሰ።

የሺመቤት አዲስ አበባ ትኖራለች፤ ሥራዋ ድረ ገጽ መሥራት ነው። እሷም በዚያችው ቅጽበት ገብታ ነበር። ሰኞ ተረኛው ጀማሪ ሐኪም መሆኑን አየችና አንጋፋው የልብ ሐኪም ያሉበትን ሐሙስን መረጠች። ለእሷም «ጸድቋል» አላት። በኮራ ልብ ለአባቷ ደወለች። አባትየውም ቀድሞ የደወለው መኳንንት እንዳያፍር ብለው ምንም አላሏትም፤ መርቀው ስልኩን ዘጉ።

የመጨረሻው ልጅ ደጀኔ ከሀዋሳ ነው። ፊት ለፊት ቆመው ካልለመኑ ነገር አይገኝም ባይ ስለሆነ ኮምፒውተር አልነካም። በአውቶቡስ መጥቶ ሰኞ ሳይነጋ ከሆስፒታሉ በር ቆመ። ተራ የያዙትን አንድ በአንድ ለመነ፤ እግራቸው ላይ ወደቀ። በመጨረሻ አንድ የማያውቃቸው አዛውንት «እኔ ሳምንት እመለሳለሁ፤ አባትህን አስገባ» አሉት። ወዲያው ለአባቱ ደውሎ ተራ ማግኘቱን ነገራቸው።

መኳንንት ግን አባቱን ይዞ በዋዜማው እሑድ የሺመቤት ቤት ገብቶ ነበር። እሱ ነገ ሲል እሷ ሐሙስ አለች። ኮምፒውተሯን ከፍታ ብታይ ያለው ሐሙስ ብቻ ነው። ነገሩ ወዲያው ገባት።

«ሰርቨሩ፣ የሆስፒታሉ ዋና ኮምፒውተር፣ ለገባ ሰው ሁሉ አንድ መሳቢያ አለው፣ ሴሽን ይሉታል» አለች ለወንድሟ። «የመረጥከውን እዚያ ይይዝልሃል። ሁለት ጥያቄ እኩል ሲመጣ አንዱ ቆልፎ ይጨርሳል፤ ሌላው በር ላይ ይጠብቃል። ይኼኛው ቁልፍ የለውም፤ በአንድ ስልክ ቁጥር ስለገባን ሁለታችንም አንድ መሳቢያ ውስጥ ጻፍን፣ የኋለኛው የፊተኛውን ሻረ። የአንተን ሰኞ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ድረ ገጹን የሠሩት ሰዎች አንድ ስልክ ቁጥር አንድ ሰው ነው ብለው ይሆናል። በእኛ አገር አንድ ስልክ ቁጥር ቤተሰብ መሆኑን ማን ይንገራቸው? መቼም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፤ እነዚህ ልጆች ግን ያፈሰሱትን የሚለቅሙበት ጊዜ አልነበራቸውም።

ሰኞ ሁሉም ሆስፒታሉ በር ላይ ተገናኙ። ደጀኔ የለመነው ተራ እንኳ አልሠራም፤ ኮምፒውተሩ ሐሙስ የተመዘገበን ሰው ለሰኞ አልቀበልም አለ። ድንገተኛ ክፍልም «ቆመው ይሄዳሉ፣ ሐሙስ ይምጡ» ብሎ መለሳቸው። ጋሽ አጥናፉ «ልጆቼ፣ ሦስት ቀን ምን አላት» አሉ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጋሽ አጥናፉ የሺመቤት ቤት ሶፋ ላይ ጋደም እንዳሉ አረፉ።

ከደሴ አብራቸው ለመጣችው እህታቸው፣ ለወይዘሮ ስንዱ፣ ያን ዕለት ጠዋት አንድ አደራ ሰጥተው ነበር። ልጆቹን በዙሪያቸው ሰብስበው ዜና ያዳምጡበት የነበረ አሮጌ ሬዲዮ ነበራቸው፤ ሌላ የሚወረስ ንብረትም አልነበራቸውም። «ሦስቱም ተራ አገኘሁ ብለውኛል» አሏት። «በእውነት ላገኘልኝ ልጅ ሬዲዮኔን ስጪልኝ።»

በአርባቸው ማግስት ወይዘሮ ስንዱ ሬዲዮውን መሃል ላይ አስቀመጠችና አደራውን ነገረቻቸው።

መኳንንት ቀድሞ ተናገረ። «አባዬን የምታድነውን ቀን የያዝኩት እኔ ነኝ። ተነጠቅሁ እንጂ አላጣሁም።»

ደጀኔ አንገቱን ደፍቶ «እኔ ከማሽን ሳይሆን ከሰው አፍ ነው ያገኘሁት። ሽማግሌው ፈቅደውልኛል» አለ።

የሺመቤት መዝገቡ ላይ የጸናው የእሷ ሐሙስ ብቻ መሆኑን ታውቃለች፤ ጋሽ አጥናፉ ተራ ነበራቸው ከተባለ ያቺው ናት። ሬዲዮውን የምትፈልገውም ከሁሉም በላይ እሷ ነች፤ የአባቷ ጣት ያለሰለሰውን መዘውር መንካት አምሯታል። እጇን ብትዘረጋ ግን ሐሙስን የመረጥኩት እኔ ነኝ ማለቷ ነው፤ ባትዘረጋ ደግሞ አባቷ ሲሞቱ ይጠብቁት የነበረውን ተራ መካዷ ነው። ሁለቱ ወንድሞቿ ዓይን ዓይኗን ያዩ ጀመር፤ እሷ እንባዋን መያዝ አልቻለችም።

እናንተ የሰማችሁ እስኪ ፍረዱ፤ ለጋሽ አጥናፉ በእውነት ተራ ያገኘላቸው፣ ሬዲዮው የሚገባው ልጅ የትኛው ነው?