የቀይዋ አውቶቡስ ልጆች

አንድ ሰው ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ሊጓዝ፣ እናቱን ይዞ ማለዳ መናኸሪያ ደረሰ። ይህን ታሪክ በተናገርሁበት ሁሉ የቆርቆሮ ጣሪያ ተነቃንቋል፤ ወንበራችሁን ያዙ!

በቀይዋ አውቶቡስ አንድ፣ በሰማያዊዋ አንድ ወንበር ብቻ ስለቀረ ቲኬት ቆራጩ ለያያቸው። "እማዬ፣ ወልቂጤ ምሳ ላይ እንገናኛለን" ብሎ ቀይዋ ላይ ወጣ።

ሰኮሩ ሳይደርሱ ሰማያዊዋ ቀደመቻቸው። ወይ ጉድ! ስም ለስም የማይተዋወቁ ስልሳ ሰዎች ባንዴ "እኛ" ሆኑ! ቆሎ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

"ሹፌር፣ እርገጠው!"

"እነዚህማ ድሮም ንቀት አለባቸው!" አሉ ጎኑ የተቀመጡት ጋሽ ደጀኔ።

ድሮም? የትኛው ድሮ? ከተሳፈሩ ሁለት ሰዓት አልሞላቸውም እኮ!

የጊቤን ቁልቁለት ሲወርዱ ሰማያዊዋ ጎማዋ ፈንድቶ ቆማለች። ሰዎቿ በዚያ እሳት ፀሐይ እጃቸውን ያውለበልባሉ። "ውሃ! ውሃ!" የቀይዋ ሹፌር ፍጥነቱን ቀነሰ።

"እንዳታቆም! ለነሱ?"

ማን ጮኸ ትላላችሁ? ሰውየው! የጊቤ ጉማሬዎች ከወንዙ ብቅ ብለው እስኪያዩት ጮኸ! አለፏቸው። ጭብጨባው ቀለጠ።

ድልድዩን ሲሻገሩ ግን ሊያጨበጭብ ያነሳው እጁ አየር ላይ ቀረ።

"አቁም! እናቴ እዚያ ናት!"

ቆሎ ያካፈሉት ጋሽ ደጀኔ ዞረው አዩት። "ለካስ አንተ የነሱ ነህ!"

ወረደ። ዳገቱን እየሮጠ ተመለሰ። እናቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ ደርቋል።

"እማዬ፣ አላየሁሽም እኮ!"

"እኔም አላየሁህም ልጄ። ድምፅህን ግን ለየሁት።"

ወገኖቼ! ከእናንተ መካከል የሚወለድበትን መንደር መርጦ የመጣ አለ? እጁን ያውጣ! ወንበሩን የሰጣችሁ ቲኬት ቆራጩ አይደለም እንዴ?

መንደራችሁን አትውደዱ አላልሁም። የኔ መንደር ውሃ ከማር ይጣፍጣል፤ በዚህ ከማንም ጋር እከራከራለሁ! ቆሎውን ተካፈሉ፣ ዘፈኑንም ዝፈኑ። ግን መንገድ ዳር የቆመ ሰው ውሃ ሲለምናችሁ፣ "የነማን ነህ?" ልትሉት ነው? ስታልፉት የምታጨበጭቡትን ጭብጨባ ማን እየሰማው እንደሆነ ታውቃላችሁ?

ድልድዩን ሳትሻገሩ ጩኹ! ምን ትላላችሁ?

"አቁም!"

አልሰማሁም፤ ጊቤ ድረስ ይሰማ!

"አቁም!"