ሳይነከር የተሰፋው ቀይ ጨርቅ

ዝናቡ እስኪያባራ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ልጆች። ተረት ላወራችሁ ነው። «ንገረን» በሉኝ። እሺ።

ድሮ፣ ጨርቅ በሚናገርበት፣ መርፌ በሚመክርበት፣ ወንዝም በሚመልስበት ዘመን፣ አባ ጥላዬ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ያን ጊዜ ሰው የዕቃን ንግግር ይሰማ ነበር ይባላል። ብቻ እንደ ዛሬው ሁሉ፣ የሚሰማው ደስ ያለውን ነበር።

አባ ጥላዬ ውባለም የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ውባለም ታመመች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ስንዱ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ትታ ነው የሞተችው። አርባዋ ሲወጣ ልብሷ ሁሉ ለነዳያን ተሰጠ። አንዲት ነጠላዋ ግን ቀረች፤ ስንዱ ሙጭጭ ብላ ይዛ አልለቅም አለች። ስትበላ ይዛት፣ ስትተኛ ይዛት፣ ስታለቅስ ፊቷን በእሷ ሸፍና። ነጠላዋን «እማዬ» ብላ ነበር የምትጠራት።

ነጠላዋ ግን አርጅታለች። ልጅቷ በጎተተቻት ቁጥር ትሳሳለች። አባ ጥላዬ ይህን አይተው ፈሩ።

«ይህች ነጠላ ካለቀች ይህች ልጅ ምን ልትሆን ነው?» አሉ።

አስበው አስበው አንድ ነገር መጣላቸው። ነጠላዋን መሀል ላይ፣ ዙሪያዋን ቀይ ጨርቅ፣ ከሥር አቡጀዲ፣ በመካከሉ ጥጥ አድርገው ወፍራም የብርድ ልብስ ሊሰፉ ቆረጡ። እንዲህ ከሆነ ነጠላዋም ትከርማለች፣ ልጅቷም በክረምቱ አይበርዳትም። ገበያ ወጡና ቀዩንና አቡጀዲውን ገዝተው መጡ። ሁለቱም ገና ከጣቃቸው የተቀደዱ፣ ሙጫቸው ያልለቀቀ፣ ሲነኳቸው የሚንኮሻኮሹ ነበሩ።

በአባ ጥላዬ ኮሌታ ላይ አንዲት የጥንት መርፌ ተሰክታ ትኖር ነበር። ብዙ የሰፋች፣ ብዙ ያየች መርፌ ናት። አዲሶቹን ጨርቆች ስታይ ደነገጠች። መጀመሪያ ወደ አቡጀዲው ዞረች።

«አቡጀዲ፣ ወንድሜ፣ ሳልሰፋህ ወንዝ ውረድና ተነከር። አዲስ ጨርቅ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል። መሰብሰብህ ካልቀረ ብቻህን ሆነህ ተሰብሰብ።»

አቡጀዲው ተንኮሻኮሸ። «እኔ? እኔ እሰበሰባለሁ? እይኝ እስቲ! ዘርግተውኝ አልጋው አልበቃኝም። ሂጂ ወዲያ፣ ቀጭን ስለሆንሽ ሰው ሁሉ የሚያንስ ይመስልሻል።»

መርፌዋ ወደ ቀዩ ዞረች።

«ቀዩ፣ የኔ ጌታ፣ አንተስ? ሁለመናህን አላልኩም። ጫፍህን ብቻ ንከርና ነጭ ነገር ላይ ተጫን። ነጩ ነጭ ሆኖ ከቀረ እኔ አፌን እይዛለሁ።»

«አንቺ አንድ ዓይና!» አለ ቀዩ። «አዲስ ልብስ ሳይለበስ ውሃ ሲገባ የት አይተሻል? ሞገሴ ሊጠፋ! ከአሮጊት ነጠላ ጋር ተሰፍቼ ድሪቶ ልሆን መሆኔ አንሶኝ ነው ደግሞ ታጥቤ ልገርጣልሽ?»

ነጠላዋ ይህን ሰማች። «ልጄ፣ እኔ መቶ ጊዜ ታጥቤያለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ከእኔ የሚወጣ ነገር የለም። ስለ ራሴ አይደለም የምፈራው። የምታቅፈኝ ልጅ አለች።»

ቀዩ ፊቱን አዞረ።

መርፌዋ ጨነቃትና ቁልቁል ወደ ወንዙ ተጣራች። «ወንዝ ሆይ፣ አንተ እንኳ ንገራቸው!»

ወንዙ ከታች መለሰ። «እኔ ምን ቸገረኝ። ዛሬ ባይመጡ ሌላ ቀን ይመጣሉ፤ ቆሽሾ ወደ እኔ የማይወርድ ልብስ የለም። ዛሬ ከመጡ ግን ለየብቻቸው ነው የሚመጡት። ቆይተው ከመጡ ተያይዘው ነው።»

በመጨረሻ መርፌዋ ለአባ ጥላዬ ነገረቻቸው።

«አባ ጥላዬ፣ እርስዎ የልብስ ሰው ነዎት። እኔ አንዴ ካለፍኩ በኋላ የአንዱ ጣጣ የሁሉም ነው። አንድ ቀን ይስጡኝ። ይንከሯቸው፣ ያስጧቸው፣ ከዚያ እሰፋለሁ።»

አባ ጥላዬ ወደ ሰማይ አዩ። ደመናው ጠቁሯል። ወደ ልጅቷ አዩ። ጥግ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች፣ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ ይዛለች።

«አንዴ ከነከርናቸው በዚህ ዳመና መቼ ሊደርቁ ነው?» አሉ። «ደግሞስ፣ አዲስ ጨርቅ ውሃ ነክቶት የሰፋሁ እንደሆነ አገሩ ምን ይለኛል? ለሙት ልጅ ያገለገለ ጨርቅ ሰፋላት አይባልም? አዲስ፣ አዲስ እንደሆነ ይሰፋላት።»

መርፌዋ ከኮሌታቸው ወረደች። ክሩ ገባላት፤ ሰፋች። ነጠላዋን ከቀዩ ጋር ሰፋች። ቀዩን ከአቡጀዲው ጋር ሰፋች። ጥጡ እንዳይሸሽ ሦስቱንም አንድ ላይ፣ ጠቅ ጠቅ እያደረገች፣ ዳር እስከ ዳር ሰፋች።

የብርድ ልብሱ አማረ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ዳበሰው። አቡጀዲው ደረቱን ነፋ፣ ቀዩም አንጸባረቀ። ስንዱ መሀሉን በእጇ ፈልጋ ነጠላዋን ስታገኛት ሳቀች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ስትስቅ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ያን ክረምት ሙሉ ሳታለቅስ ተኛች። አባ ጥላዬም «ይኸው፣ በከንቱ ነው የፈራሽው» አሏት መርፌዋን።

ክረምቱ ወጣ። መስከረም ሊጠባ ሲል፣ ሰው ሁሉ ለዘመን መለወጫ ልብሱን ተሸክሞ ወደ ወንዝ ወረደ። አባ ጥላዬም የተወቀጠ እንዶድ ይዘው፣ የብርድ ልብሱን ተሸክመው ወረዱ። ስንዱም ተከተለች። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቅ ጀመር።

«አባባ፣ ቶሎ በሉ። እማዬ ይበርዳታል።»

«እሺ፣ የኔ እናት፣ አሁን ነው።»

አባ ጥላዬ የብርድ ልብሱን ውሃ ውስጥ ከተቱት። አንዴ ረገጡት፣ አረፋው ነጭ ነበር። ሁለተኛ ረገጡት፣ አረፋው ቀላ። ሦስተኛ ሲረግጡት ከእግራቸው ሥር አንድ ነገር ተረተር ሲል ተሰማቸው።

ደንግጠው አወጡት።

አቡጀዲው አንድ ሙሉ ስንዝር ተሰብስቦ ነበር። ሲሰበሰብ ቀዩን ጎተተ፤ ቀዩ ነጠላዋን ጎተተ። ነጠላዋ የምትሰጠው አልነበራትምና ከመሀል ተተረተረች። የቀዩ ቀለም ደግሞ ከአራቱም ዳር ገብቶባት ነጭ የሚባል ቦታ አልቀረላትም።

ስንዱ ከድንጋዩ ላይ ወረደች። አየች።

«አባባ» አለች። «እማዬ ለምን ደማች?»

ልጅቷ እንደገና ጠየቀች። ከዚያ ጨርቁን በሁለት እጇ እየጠመዘዘች ቀዩን ልታስወጣ ታገለች፤ ከእጇ ጣቶች መሀል ቀይ ውሃ ወረደ እንጂ ነጭ አልመጣም።

«አላውቅም ነበር!» ብሎ ጮኸ ቀዩ። «ከእኔ የሚወጣ አልመሰለኝም! መርፌ፣ ንገሪልኝ፣ አላውቅም ነበር!»

«እኔም» አለ አቡጀዲው፤ ድምፁ አንሶ ነበር። «እኔም ትልቅ የሆንኩ መስሎኝ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጆቼ» አለች ነጠላዋ በቀረላት ድምፅ። «ያን ቀን ብትወርዱ ኖሮ ቀለሙም ለወንዝ፣ መሰብሰቡም ለእናንተ ነበር። አሁን ሁሉም ለእኔ ሆነ።»

ከዚያ ወዲያ ነጠላዋ አልተናገረችም።

አባ ጥላዬ ስፌቱን ሁሉ ፈቱት። ጠቅ ጠቅ ተብሎ የተሰፋውን አንድ በአንድ ሲፈቱ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ቀዩን ብቻውን አጠቡት፤ መጀመሪያ ውሃው ደም መሰለ፣ ሁለተኛ ፈዘዝ አለ፣ ሦስተኛ ጥርት ብሎ ወረደ። አቡጀዲውን ብቻውን አጠቡት፤ ከዚያ ወዲያ አልተሰበሰበም። ነጠላዋንም ብቻዋን አጠቧት። ቀለሙ አልለቀቀም። ሦስተኛ ሲያጥቧት በእጃቸው ላይ ክር ሆነች፤ ክሩንም ወንዙ ይዞት ሄደ።

ያን ጊዜ ጨርቆቹ ሁሉ ለመስፋት ደረሱ። የሚሰፉላት ነጠላ ግን አልነበረችም።

አባ ጥላዬ የብርድ ልብሱን መልሰው ሰፉት፤ ልጅቷን ከብርድ ማዳን አለባቸውና። ቀዩ ዳር ሆነ፣ አቡጀዲው ሥር ሆነ፣ መሀሉንም በቁራጭ አቡጀዲ ደፈኑት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንት ጊዜ ቢታጠብ አንድም ቀለም አልለቀቀም፣ አንድም ስፌት አልተፈታም። ጎረቤትም አይቶ «እንዴት ያለ ጥሩ ስፌት ነው» ይል ነበር። ስንዱም ከሥሩ ትተኛለች፣ አይበርዳትም። እንቅልፍ ሳይወስዳት ግን እጇን ትሰድና መሀሉን ትዳብሳለች። ትዳብስና እጇን ትመልሳለች።

ቀዩ ይህን ባየ ቁጥር «መርፌ፣ ምነው ያን ቀን በግድ ብትነክሪኝ?» ይላታል።

መርፌዋም «እኔ መስፋት እንጂ ማጠብ አልችልም» ትለዋለች።

እንግዲህ ልጆች፣ አዲስ ጨርቅ ከመስፋታችሁ በፊት ንከሩ። ቀይ ከሆነ ለብቻው ንከሩ፤ ውሃው እስኪጠራ ደጋግሙት። በደንብ አድርቃችሁ ነው መቀስ የምታነሱት። ደመና ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፣ አገሩ ምን ይለኛል ብላችሁም አትፍሩ። ይህ ስለ ጨርቅ ነው። ስለ ሰውም ቢሆን ያው ነው፤ ከሌላው ጋር ከመሰፋቱ በፊት የሚለቀውን ለብቻው ይልቀቅ። በኋላ የሚበላሸው፣ ከሁሉም የሳሳውና ምንም ያላጠፋው ነውና።

ተረቴን ይኸው አጥቤ፣ አድርቄ ሰጠኋችሁ። ዝናቡም አባርቷል፤ በሉ ወደየቤታችሁ ግቡ።