ምትኩ ሳይገባ ዕቃ አይወጣም

ቀስ ብዬ እናገራለሁ፤ የምናገረውም እየረዘመ ይሄዳል። አንድ ስም የዘለልኩ እንደሆነ አቁሙኝ።

ወሎ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ላይ ገባ ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ አለች። በከተማዋ ወንድይፍራው የሚባል ቀለም ቀቢ ይኖራል። ዕድሜው አርባ ስምንት ነው። ከሰባት ወር በፊት ስትሮክ መታው። ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አለው፤ ቀኝ እጁ ተጨበጠ፣ እንደተጨበጠም ቀረ። ሚስቱ አስካለ በየጠዋቱ በሞቀ ውሃ ብታሸውም አልተዘረጋም።

ከተማዋ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የላትም። አንዲት ባለሙያ በሦስት ወር አንድ ቀን እየመጣች፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ እስከ ስድስት ሰዓት ሠርታ ትሄዳለች። ባለፈው ዙር ወንድይፍራውን አራት ጎረቤቶች ተሸክመው ወሰዱት፤ ሲያወርዱት የደከመውን ክንዱን ስበው ትከሻውን ጎዱት። ባለሙያዋ ያን ቀን ትከሻውን ከማሰር በቀር ምንም ልትሠራ አልቻለችም። ለአስካለ ሁለት ነገር ነገረቻት፤ ዳግመኛ እንዳይሸከሙት፣ በሚቀጥለው ዙር ካልመጣ ደግሞ እጁ እንደተጨበጠ እንደሚደርቅ።

የሚቀጥለው ዙር ሐሙስ ነበር። ታሪኩ የሚጀምረው ሰኞ ጠዋት ነው። ወንድይፍራው የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ሐሙስ ተቀምጦበት የሚሄድ ዊልቸር።

አስካለ ወደ ጎረቤት ድጋፍ ማኅበር ሄደች። ማኅበሩ አራት በጎ ፈቃደኞችና አንድ የቆርቆሮ መጋዘን አለው። ዕቃው ሁሉ ሰው ቤት ስለሆነ መጋዘኑ ውስጥ የቀረው መደርደሪያው ብቻ ነው። ማኅበሩን የምታንቀሳቅሰው ከቀበሌ መዝገብ ቤት ጡረታ የወጣችው ትርንጎ ናት። በመጋዘኑ በር ላይ የተለጠፈውን ደንብ የጻፈችውም እሷ ናት፤ ምትኩ ሳይገባ ዕቃ አይወጣም። ደንቡ ምክንያት አለው። አምና ከአንድ ሽማግሌ ቤት ክራንች ለአንድ ሰዓት ተብሎ ተወሰደ። ሽማግሌው በዚያው ሰዓት ወደ ሽንት ቤት ሊሄዱ ተነሡ፣ ወደቁ፣ ዳሌያቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ በማኅበሩ ውስጥ ለአንድ ሰዓት የሚባል ነገር የለም።

ትርንጎ መዝገቡን ገለጠች። ዊልቸሩ ዘሀራ ጋ ነው። ለአስካለ እስከ ሐሙስ ይደርሳል አለቻትና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ዘሀራ ባጃጅ ተገልብጦባት ጭኗ የተሰበረ፣ ብቻዋን የምትኖር እንቁላል ነጋዴ ናት። አጥንቷ ገጥሟል፤ ቁሚ ተብላለች። የምትቆምበት ግን ባለ አራት እግር ምርኩዝ ያስፈልጋታል። ትርንጎ የመጣችበትን ነገረቻት። ዘሀራ ዊልቸሩን እንደማትወደው፣ ግን ከአልጋ እስከ ጓሮ በእንብርክክ እንደማትሄድ መለሰች። ምርኩዙ ይምጣላት፣ ዊልቸሩ ይሂድ። ምርኩዙ ካልመጣ ዘሀራ ዊልቸሩን አትለቅም፤ ወንድይፍራው ከቤት አይወጣም፤ እጁም አይፈታም።

ምርኩዙ ሽብሩ ጋ ነው። ሽብሩ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በስኳር ሕመም ሦስት የእግር ጣቶቹ ተቆርጠዋል። ትርንጎ ስትገባ ምርኩዙ በበሩ መቃን ላይ ተቀርቅሮ ከወዲያ ሆኖ ሲሰድበው አገኘችው።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ይሄን ነገር አይወዱትም መሰለኝ» አለችው።

«ይሄ ተሳቢ ነው እንጂ ምርኩዝ ነው? መሪ የለው፣ የኋላ ማርሽ የለው። ክራንች አምጪልኝና ዛሬውኑ ይዘሽው ሂጂ።»

ክራንች ካልመጣ ሽብሩ ምርኩዙን አይለቅም፤ ዘሀራ ዊልቸሩን አትለቅም፤ ወንድይፍራው ከቤት አይወጣም፤ እጁም አይፈታም።

ክራንቹ ተዋበች ጋ ነው። ተዋበች ጉሊት አትክልት ትሸጣለች፤ ግራ እግሯ ከጉልበት በታች የለም። ማክሰኞ ጠዋት ትርንጎ ቤቷ ስትደርስ ሰው ሠራሹ እግር ካልሲና ጫማ አድርጎ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከመጣ ሁለት ወር አልሞላውም። ተዋበች እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ ሰላም የሚለው እሱን ነው እያለች ሳቀች። ከዚያ ከጭኗ ጋር የሚያስረውን ጠፍር አሳየቻት፤ ከስፌቱ ተገንጥሏል። ጠፍሩ ካልተሰፋ እግሩ አይታሰርም። እግሩ ካልታሰረ ተዋበች ክራንቹን አትለቅም፤ ሽብሩ ምርኩዙን አይለቅም፤ ዘሀራ ዊልቸሩን አትለቅም፤ ወንድይፍራው ከቤት አይወጣም፤ እጁም አይፈታም።

ትርንጎ ጠፍሩን በፌስታል ይዛ ወደ እንድሪስ ወረደች። በከተማዋ እንዲህ ያለ ወፍራም ቆዳ የሚሰፋ ጫማ ሰፊ እሱ ብቻ ነው። እንድሪስ ጠፍሩን ተቀበለ፣ ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ አራቀ፣ መልሶ አስጠጋ። ከዚያ ፌስታሉ ውስጥ መልሶ ከተተው። የግራ አውራ ጣቱ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ባለፈው ሳምንት ወስፌው የገባበት ነው። መነጽሩ ተሰብሯል።

ትርንጎ ቆማ ነገሩን ከላይ ጀምራ አስረዳችው፤ ጫማ ሲሰፋ አይታዋለች፣ ይሄስ ምን ልዩ አለው?

እንድሪስ አልተቆጣም። «ጫማ በልማድ እሰፋለሁ፤ ቢፈታም ሰው ስቆ ይመልሰዋል» አላት። «ይሄ ግን ሰው የሚቆምበት ነው። አንዲት ስፌት ብስት ልጅቱ አስፋልት መሀል ትወድቃለች። ሳላይ አልነካውም፣ እትዬ።»

ትርንጎ ፌስታሉን እዚያው ተወችለት። እሷም ብትሆን የምትለው ይህንኑ ነበር። መነጽር ከሌለ እንድሪስ ጠፍሩን አይሰፋም፤ ተዋበች ክራንቹን አትለቅም፤ ሽብሩ ምርኩዙን አይለቅም፤ ዘሀራ ዊልቸሩን አትለቅም፤ ወንድይፍራው ከቤት አይወጣም፤ እጁም አይፈታም።

መነጽርስ ማኅበሩ አለው። ሠላሳ ሁለት የንባብ መነጽሮች በእርዳታ መጥተው ጤና ጣቢያው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፈዋል። ዓይን ለክታ የምትሰጠው የማኅበሩ በጎ ፈቃደኛ የሆነችው ነርስ ሉባባ ናት። ሉባባ ግን በዚህ ሳምንት ፈቃድ ላይ ነች።

ረቡዕ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ትርንጎ የሉባባን በር አንኳኳች። ሉባባ በሩን የከፈተችው በግማሽ ነው፤ በሌላው እጇ የእናቷን ቀሚስ ይዛለች። እናቷ እማማ ዙበይዳ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ትውስታቸው ከሄደ ሦስት ዓመት ሆኗል፤ እግራቸው ግን ጤነኛ ነው። በሩ ክፍት ከሆነ ይወጣሉ። ባለፈው እሑድ መናኸሪያ ውስጥ ተገኙ፣ ወደ ልጅነት አገራቸው ሊሳፈሩ ቲኬት ቆራጩን ሲለምኑ። አብራቸው የምትውለው ሴት ለቅሶ ሄዳለች፤ እስከ ቅዳሜ አትመለስም።

ትርንጎ ቁልፉን ስጪኝ አለች። ሉባባ እምቢ አለች፤ አንድ ጊዜ መነጽር በግምት ታድሎ የሆነውን ሁለቱም ያውቃሉ። አንዱ ራሱን እያመመው ጣለው፤ ሌላዋ ደረጃ ስታ ወደቀች። ትርንጎ እማማን ይዘሻቸው ነዪ አለች። ሉባባ ዓይን የሚለካ ሰው ሁለት እጁ ነፃ መሆን አለበት አለች። ትርንጎ ለሌሎቹ ሁለት በጎ ፈቃደኞች ስልክ ደወለች። አንዱ ደሴ ነው፤ አንዷ ራሷ ታማለች።

በዚህ ጊዜ ትርንጎ ደጃፉ ላይ ቆማ ሁሉንም ተናገረች። እማማ ዙበይዳ ብቻቸውን አይሆኑም፤ ሉባባ ዓይን አትለካም፤ እንድሪስ ጠፍሩን አይሰፋም፤ ተዋበች ክራንቹን አትለቅም፤ ሽብሩ ምርኩዙን አይለቅም፤ ዘሀራ ዊልቸሩን አትለቅም፤ ወንድይፍራው ከቤት አይወጣም፤ እጁም አይፈታም። ነገ ደግሞ ሐሙስ ነው።

«ጨረስሽ?» አለች ሉባባ። «እኔም እዚህ ቤት ያለሁ ዕቃ ነኝ በይ። ምትኬ ሳይገባ አልወጣም። ደንቡ ያንቺ ነው።»

ትርንጎ ሦስት ቀን ሙሉ በየቤቱ ምን እንደሚጎድል ስትጠይቅ፣ ስትጽፍ፣ ስትሮጥ ቆይታለች። እዚህ ቤት የሚጎድለው ከመጋዘን የሚመጣ አልነበረም። ጫማዋን አወለቀች።

«ገባሁ» አለች።

ትርንጎ ገባች፤ ሉባባ ወጣች። እንድሪስን ከሥራ ቦታው አስነሥታ ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ አምስት መነጽር አስሞክራ ስድስተኛውን ሰጠችው። እንድሪስ መጀመሪያ ያየው የገዛ ጣቱ ላይ ያለውን ጨርቅ ነው፤ ቆሻሻ ነው ብሎ ጣለው። ከዚያ ተቀምጦ ጠፍሩን በድርብ ክር ሰፋ።

ትርንጎ ይህን ሁሉ አላየችም። እማማ ዙበይዳ አጠገብ ተቀምጣ «የማን ልጅ ነሽ?» ሲሏት የመርሻ ልጅ ነኝ ትላለች። ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሃያ ሦስት ጊዜ ጠየቋት፤ ሃያ ሦስት ጊዜ መለሰች። ሁለት ጊዜ ወደ በሩ ሄዱ፤ ሁለት ጊዜ በሩ ላይ ቀድማ ቆመች። ሉባባ ስትመለስ ፌስታሉን ይዛ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጠፍሩ ተዋበች ቤት ደረሰ። ተዋበች እግሯን አሰረች፣ ቆመች፣ ግቢውን ዞረች፣ ክራንቹን ለቀቀች። ትርንጎ ክራንቹን ተሸክማ ዳገቱን ወጣች። ሽብሩ ብብቱ ሥር አስገባው፣ የበሩን ደፍ ተሻገረ፣ ተመልሶ ተሻገረ፣ ምርኩዙን ለቀቀ። ትርንጎ ምርኩዙን ይዛ ዳገቱን ወረደች። ዘሀራ ቤት ስትደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው።

ምርኩዙ ገባ። ዘሀራ ግን አልተነሣችም።

ምርኩዙን አየችው፣ ያዘችው፣ ለቀቀችው። ባጃጁ ሲገለበጥ የሰማችው ድምፅ አሁንም ጆሮዋ ውስጥ እንዳለ ተናገረች። ነገ ትሞክራለች። ትርንጎ ነገ ዓርብ መሆኑን አልነገረቻትም፤ ዘሀራ ታውቃለች። ጎትቶ ማንሣት ይቻል ነበር፤ ደንቡ ተሟልቷል። ትርንጎ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጠበቀች። አራት ሰዓት ሆነ። አራት ሰዓት ከሩብ ሆነ።

«ብወድቅስ?» አለች ዘሀራ።

«ዊልቸሩ ከዚህ አይሄድም።»

ዘሀራ ምርኩዙን መልሳ ያዘች። ከዚያ ዊልቸሩን ገፍታ ተነሣች። ከአልጋ እስከ በር አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ሄደች። ከበር እስከ ጓሮ ሄደች። ስትመለስ ላብ በላብ ሆና ነበር፤ ትርንጎን ምን ይገትርሻል አለቻት።

ዘሀራ ዊልቸሩን ለቀቀች፤ ወንድይፍራው ከቤት ወጣ። አስካለ በኮብልስቶኑ ቁልቁለት ወደኋላ እየሳበች፣ ትርንጎ ከፊት እየደገፈች አወረዱት። ጤና ጣቢያው የደረሱት ለስድስት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ሲቀር ነው። ባለሙያዋ ዕቃዋን እየሰበሰበች ነበር።

ወንድይፍራውን አየችው፤ እጁን አየችው። ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠችና እፊቱ ተቀመጠች። ጡንቻው እንዲላላ ሌላ ነገር እያሰበ ቀስ ብሎ እንዲያወራ ነገረችው። ምን ላውራ ቢላት፣ ለምን እንደዘገየ እንዲነግራት ጠየቀችው።

«ዊልቸሩ ዘሀራ ጋ ነበር» አለ ወንድይፍራው። ምላሱ ከስትሮኩ ወዲህ ከባድ ስለሆነ እያንዳንዱን ቃል ለብቻ ያወጣል። ባለሙያዋ የእጁን አንጓ ወደ ውስጥ አጥፋ አውራ ጣቱን ያዘች፤ አልጎተተችም፣ ጠበቀች። አውራ ጣቱ ወጣ።

«ዘሀራ ምርኩዙን ትጠብቃለች፤ ምርኩዙ ሽብሩ ጋ ነበር።» ሌባ ጣቱ ተከተለ።

«ሽብሩ ክራንቹን ይጠብቃል፤ ክራንቹ ተዋበች ጋ ነበር።» የመሀሉ ጣት ቆየ፤ ወጣ።

«የተዋበች እግር ጠፍሩን ይጠብቃል፤ ጠፍሩ እንድሪስን ይጠብቃል።» የቀለበት ጣቱ።

«እንድሪስ መነጽር ይጠብቃል፤ መነጽሩ ሉባባን ይጠብቃል።» ትንሿ ጣት።

«ሉባባስ?» አለች ባለሙያዋ፣ አምስቱንም ጣቶች በአንድ እጇ እንደያዘች።

«ሉባባ እናቷን ትጠብቃለች። እናቷ ሰው ይጠብቃሉ።» ወንድይፍራው በግራ እጁ ግድግዳውን ተደግፋ ቁና ቁና ወደምትተነፍሰው ሴት ጠቆመ። «እሷ ገባች።»

መዳፉ ተዘረጋ። ነጭ ነበር፤ መሀሉ ላይ አራት የጥፍር ጠባሳ ተሰልፏል። ባለሙያዋ እንዳይመለስ ከሥሩ የፕላስቲክ መደገፊያ አስገባችና ማሰር ጀመረች። ወንድይፍራው እስክትጨርስ ድረስ ዓይኑን ከመዳፉ ላይ አላነሣም።