ሐጂ ሙዘይን እጃቸውን ያላነሱበት ዱዓ

በነቢያችን ላይ ሰለዋት አውርዱና ጠጋ በሉ፤ ይቺን ሳልናገር ከዋልኩ ሆዴ ይፈነዳል! ስሟ ይቆየንና፣ መስጊዷ ከገበያዋ በዕድሜ የሚበልጥ አንዲት የድሮ ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ፣ ምላሳቸው ከሐሰት እጃቸው ከሐራም የጸዳ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ወደ ቆላው የምትወርደው መኪና አንዲት ብቻ ናት፤ ኋላዋ በሸራ የተሸፈነ፣ እህልም ሰውም የምትጭን አሮጊት። ታዲያ ሐጂ ጋቢና ተቀምጠው እጃቸውን ለዱዓ ካላነሱ ሾፌሩ ሽፋው ንቅንቅ አይልም። በመንገዱ ወንዝ አለ! ድልድይ የሌለው፣ ክረምት ከሰዓት በኋላ የሚሞላ ወንዝ።

የዚያን ቀን ሐጂ የሚወርዱት ለጀናዛ ነበር። ቆላ የምትኖረው ሸምሲያ ጎህ ሲቀድ፣ በሱብሒ ሶላት ሰዓት፣ ወደ አኼራ ሄዳለች። ሐጂ እንዲያሰግዱባት ኑዛዜዋ ነው፤ ከከሰዓቱ የአስር ሶላት በኋላ ትቀበራለች።

በደጋው በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሰዉ ተጭኖ አልቋል። በዚህ መሀል ራቢያ የምትባል የሸምሲያ የድሮ ጎረቤት ጢሙ የሸበተ ሰው እጁን ይዛ እየሮጠች መጣች። የሟቿ ወንድም ሙሐመድ አሚን ነው። ዕድሜው ስድሳን አልፏል፤ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ያሳደገችው እህቱ ነበረች፤ ስትታመም ነው በዚችው መኪና ልካ ራቢያ ዘንድ ያስቀመጠችው።

«ይሄን አልጭንም!» አለ ረዳቱ ጡሃ በሩ ላይ ተገትሮ። «ባለፈው ወንዙ መሀል እሪ ብሎ ሊያስበላን ነበር!»

«እህቱ እኮ ነች የምትቀበረው፣ አንተ ልጅ!» አለች ራቢያ።

«አላህ ይማራት። እሱ ምኑን ያውቀዋል?»

ሐጂ ሰምተዋል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ዓይናቸውን ወደ መቁጠሪያ ተስቢሃቸው ነው የጣሉት። ከወደቁ ወዲህ ዳሌያቸው ያማቸዋል፤ ጀናዛው ይጠብቃቸዋል፤ ወንዙ ይሞላል። «ያ ረብ፣ ሌላ ሰው ይናገርለት» አሉ በሆዳቸው። ሌላ ሰው ግን አልተናገረም።

«ሐጂ፣ ዱዓ ያድርጉልንና እንሂድ!» አለ ከኋላ አንዱ። ሁሉም እጁን ዘረጋ። የሐጂ እጅ ከጉልበታቸው አልተነሳም።

«እኔ ሁልጊዜ ‹ሁላችንንም በሰላም አድርሰን› ነው የምለው» አሉ። «ይሄን ሰው መሬት ላይ ትቼ ‹ሁላችንንም› ልበል?»

«ኧረ ሰማዩን ይዩት!»

«ለአንድ ጅል ብለን ወንዝ ዳር ልናድር ነው?»

ሐጂ እያነከሱ ወረዱ። ራቢያን አልጠየቁም፤ ራሱን ጠየቁት።

«ሙሐመድ አሚን፣ ያን ጊዜ ምን ሆነህ ጮህክ?»

ሰውየው መሬት መሬት እያየ ቆየ። ሽፋው መሪውን በጣቱ ይደበድባል፤ ከኋላ ያጉተመትማሉ። ሐጂ ጠበቁት።

«ጨለማ ነው» አለ በመጨረሻ። «መንገዱ የለም።»

ባለፈው ሸራው ስር ከትተውት ነበራ!

«በሉ፣ እኔ ኋላ እሆናለሁ፤ እሱ ጋቢና ይግባ» አሉ ሐጂ። በጋቢናው ሌላኛው ወንበር አራስ ከነልጇ ተቀምጣለች፤ ሌላ ቦታ የለም።

«እርስዎ ማሽላ ጆንያ ላይ? ነውር ነው ሐጂ!» አለ ጡሃ። ነገሩን ለማፋጠን ግን ጋቢናው ላይ ወጣና የሙሐመድ አሚንን እጅ ሳበው። ሰውየው ያን እሪታ አቀለጠው! አራሷ ልጇን ጥብቅ አደረገች። ሽፋው ሞተሩን አስነሳ። «በቃ፣ ልሄድ ነው!»

«እጁን አይደለም!» ጮኸች ራቢያ። «እህቱ ከታች ሆና እግሩን ነው የምትይዝለት!»

ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ሳይሰበስቡ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። በዚያ ዳሌ!

«ቢስሚላህ በል። እግርህን ስጠኝ።»

ጩኸቱ ቆመ። እግሩን ሰጣቸው፤ መርገጫው ላይ አኖሩለት። ሌላኛውንም ሰጣቸው። ወጣ።

ሐጂ ኋላ ጆንያው ላይ ወጥተው እጃቸውን ለዱዓ ያነሱት ያኔ ነው። ሰዉ ያለው «አሚን» ግን ከጥርስ እንጂ ከልብ አልነበረም።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ውሃው ደፍርሶ እየጨመረ ነው። «ይኸው! ደስ ይበልዎት ሐጂ!» አለ ከሸራው ስር አንዱ። ሐጂ በአንድ እጃቸው ዳሌያቸውን ይዘው በሌላው ተስቢሃቸውን ይቆጥራሉ። ሽፋው ገባበት። የሁሉም ጆሮ ጋቢናው ላይ ነው፤ አሁን ይጮሃል፣ አሁን ይጮሃል... ሙሐመድ አሚን ግን በመስታወቱ ማዶውን እያየ «መንገዱ አለ፤ መንገዱ አለ» ይላል።

«አለ ወንድሜ፣ አለ» አለው ሽፋው ላቡ እየተንቆረቆረ። ጎማዋ ድንጋይ ቧጠጠች፣ ተንሸራተተች፣ ያዘች፤ ማዶ ወጣች። አልሐምዱሊላህ!

የአስር አዛን ሲል ደረሱ። ከሶላቱ በኋላ ጀናዛዋ ቀረበ፤ ሰዉ ተሰለፈ። ሐጂ ግን ሳይጀምሩ ዞር አሉ።

«ሙሐመድ አሚን፣ እህትህ ላይ እንዳሰግድ ትፈቅድልኛለህ?»

የሟች የቅርብ ዘመድ ይጠየቃል፤ ደንብ ነው። እሱን ግን በዕድሜው ማን ምን ጠይቆት ያውቃል?

«እቴ መሄዷ ነው?» አለ።

«መሄዷ ነው።»

«እግሯን ማን ይይዝላታል?»

ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፋ። «አንተ» አሉት ሐጂ። ተሰገደባትና ቃሬዛው ሲነሳ በእግሯ በኩል እሱ ያዘ፤ ቀብሩ አፋፍ ላይም «ቢስሚላህ በይ» ሲላት ሰሙት።

ከቀብር ሲመለሱ ጡሃ የሐጂን እጅ ሊስም ጎንበስ አለ። «አውፍ ይበሉኝ።»

«አውፍታውን ከእሱ ጠይቅ» አሉት። ቀጥለውም፦ «ልጄ፣ መንገዱ የአላህ ነው። እኛ የያዝነው በሩን ብቻ ነው» አሉ።

አያችሁ፣ በሩን የያዘ ሰው መንገዱም የእሱ ይመስለዋል። «ምኑን ያውቀዋል» እየተባለ ስንቱ ሽማግሌ፣ ስንቷ አሮጊት ከሐኪም ቤት፣ ከጁምዓ፣ ከወገኑ ቀብር ቀርቶ ደጃፍ ላይ መንገድ ሲያይ ይውላል! ቸኩለን ነው እንላለን። ሐጂም ቸኩለው ነበር፤ ዳሌያቸውም ያማቸው ነበር። ነገ በአኼራ ሲራጥ ድልድይ ላይ ስንቆም ሁላችንም እግራችንን የሚይዝልን ፈላጊ ነን። ያን ቀን «ይሄን አልጭንም» እንዳንባል፣ ዛሬ መኪናዋ ሳትነሳ ወደ ኋላ ዞር ብለን መሬት ላይ የቀረውን እንይ።