የበዓሉ ድስት

አንድ መነኩሴ ነበረ። አትቁነጥነጥ፣ ኤርሱሞ፤ ጥያቄህ አልጠፋኝም። «ማንም ያልጠየቀኝን ነገር ባልናገር ዋሸሁ ይባላል ወይ?» ነው ያልከኝ። ይህን ያህል ዓመት ዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ተቀምጠህ፣ ዲያቆን ሆነህ፣ ይህን መጥተህ ከእኔ ከሽማግሌው ትጠይቃለህ። ይሁን፤ እንግዲህ ሳታቋርጠኝ ስማ።

ይህ መነኩሴ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበር። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተበት ድስትና እንስራ እየሠራች ያሳደገችው እናቱ ናት። በዚያ ዘመን ሸክላ ሠሪ በሰው ዘንድ ምን ትቆጠር እንደነበር ታውቃለህ። ድስቷን ገዝተው ወጥ ይሠሩበታል፤ እሷን ግን ከደጃቸው አያሳልፏትም። ልጇ የካቶሊኮች ትምህርት ቤት ገባና ትምህርቱ ሰመረለት። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ከሰፈሩ የአንድ ቀን መንገድ ወደሚርቅ ገዳም ሄዶ ልመንኩስ አለ። የማን ልጅ ነህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም፤ እሱም አልተናገረም።

በገዳሙ አንድ ልማድ ነበረ። ዕቃ የሰበረ መነኩሴ ገሉን በሁለት እጁ ይዞ በምሳ ሰዓት በወንድሞቹ መካከል ይቆማል፤ አበ ምኔቱ ጠረጴዛውን መታ ሲያደርጉ ይቀመጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። ለሌላው ሰው ቀላል ነገር ነው፤ ሾርባው እንኳ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ታዲያ ይህ ልጅ በገባ በሦስተኛው ወር፣ ወጥ ቤት ሲያገለግል፣ ለበዓል ብቻ የሚወጣውን ትልቁን የሸክላ ድስት ጥሎ ሰበረው። ገል ታቅፎ ቢቆም ሁሉም ሰው ወዲያው የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅበት መሰለው። ፈራ። ገሉን በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋው ሥር ካለው ሣጥን ከተተው። ከአትክልቱ በታች ካለው ወንዝ ጭቃ አመጣና እናቱ እንዳስተማረችው አቡክቶ፣ አድርቆ፣ በእሳት ተኩሶ ሌላ ድስት ሠራ። በዓሉ ሳይደርስም መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። የወጥ ቤቱ ኃላፊ የነበረው መነኩሴ ድስቱን አነሣ፣ በጣቱ ኳ ኳ አደረገው፣ መልሶ አስቀመጠው። ምንም አልጠየቀም።

ከዚያ በኋላማ ነገሩ ሁሉ ተቃናለት። መሐላውን ፈጸመ፤ ሮም ተልኮ አራት ዓመት ተማረ፤ ቀሰሰ፤ ተመልሶም አዲስ የሚገቡት ጀማሪ መነኮሳት አስተማሪ ሆነ። ጎበዝ ነበር፣ ይህን አልክድም፤ ሲያስተምር ሰነፉን እንኳ አያስተኛም። ጀማሪ ገል ይዞ በቆመ ቁጥር ግን እሱ ሳህኑ ላይ ያቀረቅር ነበር።

አንድ ቀን እናቱ መጣች። ሁለት እንስራ ተሸክማ የገዳሙ በር ላይ ቆመች። ልጄን ጥሩልኝ አላለችም፤ የሚገዛ ሰው እንዳለ ብቻ ጠየቀች። እሱ ከበሩ በላይ ባለው መስኮት ቆሞ ያያታል። በረኛው ደግ ሰው ነበርና ውሃ ሰጥቷት ጨዋታ ጀመረ፤ ልጆች እንዳሏት ጠየቃት። ቀና ብላ መስኮቱን አየችና «የለኝም» አለችው። እንስራዎቿን ሸጣ ሄደች። ያ ጎበዝ መነኩሴ ሁሉንም ሰምቷል፤ አልወረደም።

ዓመታት አለፉ፤ አበ ምኔቱ አረፉ። መነኮሳቱ ተሰብስበው ድምፅ ሲሰጡ ከሁለት ሰው በቀር ሁሉም እሱን መረጡ። እቀበላለሁ ወይም አልቀበልም ማለት የእሱ ፋንታ ነው። እስከ ምሳ ጊዜ ስጡኝ አለ። ምሳ ላይ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ያንን ጥቅልል ይዞ ገባ፤ ጨርቁን ፈትቶ ገሉን ታቅፎ መካከል ላይ ቆመ።

«የበዓሉን ድስት የሰበርኩት እኔ ነኝ» አለ። «በምትኩ ያለውንም የሠራሁት እኔ ነኝ። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። እዚህ በር ድረስ መጥታ ልጅ የለኝም አለች፤ እንዲህ ያሰኘኋት እኔ ነኝ። የመረጣችሁትን ሰው እወቁትና፣ ከፈለጋችሁ ሌላ ምረጡ።»

ጠረጴዛውን መትቶ ተቀመጥ የሚለው ሰው እንኳ አልነበረም፤ የአበ ምኔቱ ወንበር ባዶ ነው። ክንዱ እስኪዝል ቆመ። በመጨረሻ ያ የወጥ ቤት ኃላፊ፣ ያን ጊዜ አርጅቶ ነበር፣ ምርኩዙን ይዞ ተነሣ።

«የድሮው ድስት ጆሮው የተሸረፈ ነበር» አለ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ትነግረኛለህ ብዬ ስጠብቅህ ኖርኩ። ዛሬ ጠዋት ድምፄን የነፈግሁህም ለዚህ ነው፤ አሁን ሰጥቼሃለሁ። እናትህን አምጣና ተሾም።» ጠረጴዛውንም መታ።

በሹመቱ ቀን በረኛው ያቺን ሴት ሲያያት አልጠፋችውም፤ ልጆች አሉሽ ወይ ብሎ ደግሞ ጠየቃት። «አንድ አለኝ» ብላው ገባች።

አሁን ወዳንተ እንመለስ፣ ኤርሱሞ። እሁድ ትቀስሳለህ። መቶ የጥሪ ወረቀት በትነሃል፤ አውቶቡስ ተራ አረቄ ለምትሸጠው እናትህ ግን አልደረሳትም። አትደንግጥ፤ ማክሰኞ ሄጄ አግኝቻታለሁ። ለእሁድ ትመጫለሽ አይደል ስላት፣ «ልጄማ ለምኖኝ ነበር፤ ወገቤን ቢያመኝ ነው እንጂ» አለችኝ። ይህን ስትለኝ የሞላ ሃያ ሊትር ጀሪካን በአንድ እጇ አንጠልጥላ ነበር።

እና ማንም አልጠየቀህም፣ አንተም አልዋሸህም። መነኩሴውም አልዋሸም ነበር። እናንተ ዝም ባላችሁ ጊዜ የሚዋሹት እናቶቻችሁ ናቸው፤ የእሱ እናት በገዳሙ በር፣ ያንተዋ በአውቶቡስ ተራ። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ የዘጠኝ ሰዓቱ መኪና ገና አልወጣም። ተነሥና ሂድ።