ኩታቸው የተቋጠረ አከራይና ተከራይ

ተረት ተረት። ምነው ድምፃችሁ ቀነሰ? የላም በረት በሉኛ፤ ላሟም ትስማ።

በድሮ ዘመን ጥላዬ የሚባል ሸማኔ ነበር። የግራዝማች ቢሻውን ጎጆ ተከራይቶ በዓመት አንድ ጋቢ ሸምኖ ይከፍል ነበር። ሸማኔ እግሩን የሚሰድበት ጉድጓድ ያሻዋልና ከጎጆው መሀል ቆፈረ። ልጆቹንም እዚያው ወልዶ እዚያው ዳረ።

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ግራዝማች መጡና ከእንግዲህ ኪራዩ ሦስት ጋቢ ነው አሉ። ጥላዬም ሦስት ከሰጠ ለገበያ የሚተርፈው እንደሌለ፣ ጣሪያውም እንደሚያፈስ ነገራቸው።

ግራዝማችም፦ «ካልተስማማህ ጉድጓድህን ተሸክመህ ውጣ» አሉት።

ጥላዬ የኩታቸውን ጫፍ ያዘና፦ «በሕግ አምላክ» አለ።

ያኔ እንዲህ የተባለ ሰው ካለበት አይነቃነቅም። ጎረቤት ተጠራና የሁለቱን ኩታ ጫፍ ለጫፍ ቋጠረ። ይህ ቁራኛ ይባላል። ዳኛ ሳይፈርድ ቋጠሮውን የፈታ ተረታ ማለት ነው። ግራዝማች የዳኛው ቤት ቅርብ ነው ብለው ኮራ አሉ። ለካ ዳኛው ወንዝ ተሻግረው ለቅሶ ሄደዋል። ዝናቡም ወረደ፤ ወንዙም ሞላ።

በመንደሩ ወግ ቁራኛ የሚቆየው ጠብ በተነሣበት ቤት ነውና ሁለቱም ከጎጆዋ ሰነበቱ። ጠብታው የግራዝማችን ማጅራት ያገኘዋል። ፈቀቅ ቢሉም ይከተላቸዋል።

ቢቸግራቸው፦ «ደረቁ ቦታ የቱ ጋ ነው?» አሉ።

ጥላዬም፦ «ከበላዩ ቆዳ የወጠርኩበት ጉድጓዱ ብቻ ነው ጌታዬ። እሱን ደግሞ ተሸክመህ ውጣ ብለውኛል» አላቸው።

ግራዝማች ሳይወዱ ሳቁ። ከዚያም ጎን ለጎን ተቀምጠው እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰደዱ። ጥላዬ በሸመነ ቁጥር ቋጠሮው ይጎትታቸውና ግራዝማችም አብረው ይወዛወዛሉ። ስለ ሟች ሚስቶቻቸውም አወሩ።

ወንዙ ጎደለና ዳኛው መጡ። ግራዝማችንም፦ «ኪራዩን ሲጨምሩ ለቤቱ ምን ጨመሩለት?» ብለው ጠየቁ።

ግራዝማች እርጥብ ኩታቸውን አዩ።

ዳኛውም፦ «ጣሪያው ይከደን። ኪራዩ አንድ ጋቢ ይሁን። ከእንግዲህ በዚህ መንደር ሽማግሌ ሳይሰማ ኪራይ የሚጨምር፣ ተከራይም የሚያስወጣ አይኑር» ብለው ፈረዱ።

ቋጠሮው ግን በዝናቡ ጠብቆ አልፈታ አለ። በቢላ ይቆረጥ ሲባል ግራዝማች፦ «ተዉት፤ ቀስ ብለን እንፈታዋለን» አሉ።

ዘመን አለፈ። ግራዝማችም ሞቱ፤ ልጆቻቸው ፍርዱን አከበሩ። ጥላዬም ጠብታ በማያስገባው ጎጆ ውስጥ አረጀ። ዝናብ በጀመረ ቁጥር ግን ከጉድጓዱ ጠርዝ ፈቀቅ ይልና ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ይለቅ ነበር።

እንግዲህ ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌንም ከዚያ ከትኩሱ ዳቦ ቆርሳችሁ አብሱልኝ።