ጅብ ወርዋሪ፣ ቀበሮ ቀላቢ

አንድ ጊዜ፣ ሰኔ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንበሳ አዲሱን ጎጆውን ለማስከደን ደቦ ጠራ። ግድግዳው ቆሟል፤ ጣራውም ተዋቅሯል። የቀረው ሣሩ ብቻ ነው። ውስጥ ሚስቱ ሦስት ደቦሎቿን ታቅፋ ተኝታለች። ዓይናቸው እንኳ ገና አልተገለጠም።

አንበሳ ደቦተኞቹን ሰበሰበና፣

«ዝናብ ሳይቀድመን ከከደናችሁልኝ፣ ያ ሾላው ሥር የታሰረው ወይፈን የእናንተ ነው። ዝናብ ከቀደመን ግን ልጆቼን ይዤ ዋሻ ፍለጋ እሄዳለሁ፤ ወይፈኑም አብሮኝ ይሄዳል» አላቸው።

ጅብ ከዚህ ሁሉ ንግግር የሰማው «ወይፈን» የሚለውን ነው።

ሥራው ተደለደለ። አህያ ከሜዳ ሣር ታመጣለች። ጅብ አንገተ ብርቱ ነውና ከታች ሆኖ የሣሩን እስር ወደ ላይ ይወረውራል። ቀበሮ ቀላል ናትና ጣራው ላይ ሆና ትቀልባለች፤ የቀለበችውን በልጥ ታስራለች።

ጅብ የመጀመሪያውን እስር ነክሶ ወረወረ። ሲወረውር ዓይኑ ወይፈኑ ላይ ነበር። እስሩ በጣራው አናት አልፎ፣ ከጓሮ ለምርጊት የተቦካው ጭቃ ውስጥ ጧ አለ።

«ምነው አያ ጅቦ! ደመናውን ልትከድነው ነው?» አለች ቀበሮ።

ሁለተኛው አጠረና ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ። ሦስተኛው ደኅና ነበር፤ ቀጥ ብሎ ወደ ቀበሮ ሄደ። ቀበሮ ግን ሣሩ ፀጉሯን እንዳይወጋት ፈርታ፣ የዘረጋችውን እጅ መልሳ ሰበሰበች። እስሩ ገና ጭቃው ውስጥ ሳይደርስ፣

«ስቷል!» ብላ ጮኸች።

«እንዴት ይስታል? አፍንጫሽ ሥር ነው እኮ ያደረስኩት!»

«ታዲያ በአፍንጫዬ ልቅለብልህ? እጄ ላይ አድርሰው!»

«እጅሽ የት እንዳለ በምን አውቄ?»

«ቀና ብትል ታየው ነበር!»

ጅብ ሲከራከር ይርበዋል። ወደ ሾላው ዞሮ ወይፈኑን አየት አደረገና አራተኛውን ወረወረ። እሱም ጭቃ ገባ።

እንዲህ እየተባባሉ ረፈደ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ ጣራው ላይ ካረፈው ሣር ጭቃ የዋጠው በለጠ። ከተራራው ወዲያ ነጎድጓድ አጉረመረመ። አህያ ስትመላለስ ጀርባዋ ተልጧል። ሸክሟን አራግፋ፣ ከጅብ አንድ ዝላይ ራቅ ብላ ቆመች። ከእሱ ጋር ስትሠራ ሁልጊዜ እንዲያ ነው የምትቆመው።

አንበሳ ነጎድጓዱን ሰምቶ ወጣ። ጣራውን አየ፤ ጭቃውን አየ።

«ሣሬን ለጭቃ ያበላው ማን ነው?»

ቀበሮ ዘላ ወረደች። «ጌታዬ፣ የመጣልኝን ቀልቤአለሁ። ያልመጣልኝን ከየት አምጥቼ ልቅለብ? አያ ጅቦ እንደሆነ...»

«እኔ ወርውሬአለሁ!» አለ ጅብ። «ጥርሴን እዩት፣ ሣር ብቻ ሆኗል!»

አንበሳ ወደ አህያ ዞረ። «አንቺስ ምን አየሽ?»

«እሱ ሲወረውር አያይም» አለች አህያ። «እሷ እያየች አትዘረጋም። አሁን ልሂድ፤ ሌላ ሣር ላምጣ።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የሁለታችሁም ነው፤ ተካፈሉት» አለ አንበሳ።

ጅብ «ተካፈሉት» ሲባል ሰምቶ ጆሮው ቆመ። ዕድሜውን ሙሉ ሲካፈል ያነሰውን ወስዶ አያውቅም።

«ትልቁ የእኔ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ምን አልክ?» አለ አንበሳ።

«ትልቁ የእኔ ነው እንጂ! ወይፈኑን እያየሁ የወረወርኩት እኔ አይደለሁም? ሣሩን በጣራው ያዘለልኩት፣ ግድግዳውን የመታሁት ማን ሆነና! ለእሷ ቁርጥራጩ ይበቃታል!»

አህያ መሄዷን ትታ ፊቷን አዞረች፤ ሳቋን ልትደብቅ። ቀበሮ ያዘጋጀችው ንግግር አፏ ውስጥ ቀረ። ጥፋቱን ሁሉ ጅብ ላይ ልትጭን ነበር፤ እሱ ግን ሳትጭነው ተሸክሞት ቆሟል። አፈረች።

«ኧረ አያ ጅቦ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሦስተኛው እንኳ የእኔ ነው። እጄን ሰብስቤአለሁ።»

«አይሆንም! ከድርሻዬ ልትቀንሺ!»

«ከሦስተኛው በኋላም ሁለቴ ሰብስቤአለሁ እልሃለሁ!»

«አንቺ ሌባ! ሁልጊዜ የእኔን ነው የምትነጥቂው!»

አንበሳ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። «በሉ፣ ጭቅጭቃችሁን እየሠራችሁ ጨርሱት!»

ቀበሮ ጣራው ላይ ተመልሳ ወጣች። ጅብ አፉን በሣር ከመሙላቱ በፊት ቀና ብሎ፣ «ቅለቢ!» አለ። ቀበሮ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ «ላክ!» አለች። እስሩ እቅፏ ውስጥ ገባ። ወጋት፤ ግን አልለቀቀችውም። ቀጣዩ ቢያጥር ጅብ «ይሄ የእኔ ነው!» ብሎ ሮጦ አነሣው። ሌላው ቢያመልጣት፣ «ይሄስ የእኔ!» አለች። አህያም በሩጫ ትመላለስ ጀመር።

ዝናቡ ሲጥል ጣራው ተከድኖ ነበር፤ ከበሩ በላይ አንዲት ወንፊት የምታህል ቀዳዳ ብቻ ቀረች። ጭቃ ውስጥ የቀረው ሣር ቦታ ናት። ከደቦሎቹ ላይ ግን አንዲት ጠብታ አላረፈችም።

አንበሳ ቃሉን ጠበቀ፤ ወይፈኑ ታረደ። ቀዳዳዋ ሥር ያስቀመጠው ጅብንና ቀበሮን ነው። ቀበሮ አንዴ ወደ ላይ እያየች፣ አንዴ ፀጉሯን እያራገፈች በላች። ጅብ ግን ጀርባው መራሱን ያወቀው አጥንቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ ሥራ በሁለት ሰው እጅ ሲበላሽ ቀድሞ የራሱን ጥፋት ያነሣ፣ በሞኝነቱም ቢሆን፣ ሥራውን እንደሚያድን ነው።